ምጣኔው ሲወርድ ጫናው ለምን ከበደ? የኢትዮጵያ መንግሥት ዕዳ ጉዞ

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በብቸኛው ዩሮ ቦንድ፣ ማለትም በውጭ ገበያ በዶላር በሸጠው የብድር ሰነድ፣ ላይ ሊከፍል ይገባው የነበረውን 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ በቀነ ገደቡ ሳይከፍል ቀረ። በውሉ የተቀመጠው የ14 ቀናት የእፎይታ ጊዜም አለፈ፤ አገሪቱም ከዛምቢያና ከጋና ቀጥላ፣ ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ለቦንድ ባለቤቶች የገባችውን ቃል ያላከበረች ሦስተኛዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። ከዚያ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት የወጡትን የዕዳ ሠንጠረዦች ብቻ ያነበበ ሰው ግን ይህ ይመጣል ብሎ ለመጠርጠር ምክንያት አልነበረውም። በ2010 ዓ.ም. ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 60 በመቶ ገደማ ደርሶ የነበረው የመንግሥት ዘርፍ ዕዳ በ2015 ዓ.ም. ወደ 40 በመቶ ወርዶ ነበር። ዕዳዋ ከዓመታዊ ምርቷ ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነው ጃፓን ያለ ችግር እየከፈለች፣ ኢትዮጵያ በ40 በመቶ ዕዳ፣ ያውም እየቀነሰ በነበረ ምጣኔ፣ ለአንድ የወለድ ክፍያ ስትቸገር ማየት ማብራሪያ የሚያሻው ጉዳይ ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ማብራሪያው የሚገኘው ምጣኔው በሚደብቃቸው ነገሮች ውስጥ ነው። ዕዳ ለአገር ውስጥ ምርት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ተበዳሪው ማዕከላዊው መንግሥት ይሁን የልማት ድርጅት፣ ክፍያው የሚጠየቀው በብር ይሁን በዶላር፣ ምርቱስ ወደ ዶላር የተለወጠው ገበያው በሚያውቀው ተመን ይሁን ባንኮች በተገደዱበት ተመን፣ ስለ እነዚህ ምንም አይናገርም። በኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ ወሳኙ ነገር ሁልጊዜ የተከሰተው እነዚህ ባልተመዘገቡበት ቦታ ነው።

ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ በመበደር ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950 የተፈቀደላት 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ሥራ፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ለልማት ባንክ የዋለ ሲሆን፣ በዚያን ዘመን የነበረው የመንግሥት ብድር በአብዛኛው እንዲህ ባለ መጠነኛ ልክ የተወሰነ ነበር። ዕዳው የተቆለለው በደርግ ዘመን ነው። ከሶቪየት ኅብረት በዱቤ የመጣው የጦር መሣሪያ በሩብል ተመዝግቦ ቆየ፤ ኅብረቱ ሲፈርስ አበዳሪነቱን የወረሰችው ሩሲያ ሆነች፣ ሩብሉ በስንት ዶላር ይመነዘር የሚለው ክርክርም ለዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ከተተመነው ከዚህ ዕዳ ትልቁ እጅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ተሰርዟል። ጦርነት የሚተወው ዕዳ ከሌላው የሚለየው ፋብሪካም ሆነ መንገድ ሳይተው፣ ራሱን የሚከፍልበት ምንም ገቢ ሳይፈጥር ለልጅ ልጅ መተላለፉ ነው።

የቀረው የውጭ ዕዳ የተቃለለው የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች ባዘጋጁት ማዕቀፍ ነበር። ኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ወደ ማዕቀፉ ገብታ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የመጨረሻውን መስፈርት አሟላች፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፍ ተቋማቱ የራሳቸውን ብድር በከፊል ሰረዙ። የውጭ ዕዳው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ወረደ። ይህ የአገሪቱ የፋይናንስ ታሪክ እምብዛም የማይታወስ ምዕራፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን የብድር ጥማት ለመረዳት ግን ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መንግሥት የልማት ዕቅዱን ሲነድፍ በእጁ የነበረው ትልቁ ሀብት ነዳጅም ማዕድንም ሳይሆን ባዶ የሆነ የዕዳ መዝገብ ነበር።

ያንን ባዶ መዝገብ የሞላው ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የተተገበረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ነው። ግድቦች፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮች፣ የባቡር ሐዲድ፣ የስኳር ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኮችና የቴሌኮም ማስፋፊያ በአንድ ጊዜ ተጀመሩ። የዓለም ባንክ የሚሰጠው፣ ወለዱ አነስተኛና የመክፈያ ጊዜው ረዥም የሆነው ብድር ለዚህ ሁሉ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ፊቱ ወደ ቻይና ዞረ፤ ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት ከቻይና ባንኮችና ኩባንያዎች የተፈረመው ብድር ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ይገመታል። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ደግሞ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ፣ ዋናው ገንዘብ በአሥር ዓመት መጨረሻ በአንድ ጊዜ እንዲከፈል ተደርጎ ተሸጠ። በጊዜው ሽያጩ አገሪቱ ዓለም አቀፉን የካፒታል ገበያ ለመቀላቀሏ ምስክር ተደርጎ ተወደሰ፤ አሥር ዓመት ደግሞ ሩቅ ይመስል ነበር።

የዕዳውን አመዘጋገብ ግራ የሚያጋባው ከዚህ ብድር ጉልህ የሆነው ክፍል በማዕከላዊው መንግሥት ስም አለመወሰዱ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የስኳር ኮርፖሬሽን፣ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽንና ኢትዮ ቴሌኮም በራሳቸው ስም ከውጭ ተበደሩ፤ በብዙዎቹ ውሎች ላይ ዋስ የሆነው መንግሥት ነው። ከአገር ውስጥም በዋናነት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወሰዱ፤ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ወጪ፣ ዜጎች በአገር ቤትም በውጭም ሆነው የገዙት ቦንድ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይበልጡን የተሸፈነው ባንኩ ለኤሌክትሪክ ኃይል በሰጠው ብድር ነው። በዚህ ምክንያት በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ከጠቅላላው የመንግሥት ዘርፍ ዕዳ በማዕከላዊው መንግሥት መዝገብ ላይ የሚታየው ግማሽ ገደማው ብቻ ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ የበጀት ጉድለትም በየዓመቱ ከምርቱ 2 ወይም 3 በመቶ ሆኖ ስለሚቀርብ ጥንቃቄ የተሞላበት የበጀት አስተዳደር ይመስላል፤ በሌላው በር የሚወጣው ገንዘብ ግን የበጀት ሰነዱ ላይ አይታይም። የልማት ድርጅቶቹ ነግደው ቢከፍሉ ኖሮ ይህ አመዘጋገብ ትክክል ይሆን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያለ መንግሥት ዋስትና ተበድሮ በራሱ ገቢ የሚከፍል ድርጅት በመሆኑ ዕዳው ከመንግሥት ዕዳ ተለይቶ መታየቱ ተገቢ ነው። የስኳር ፋብሪካዎቹ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር፤ ከፊሎቹ የብድራቸው መክፈያ ሲደርስ ገና አንድ ኩንታል ስኳር አላመረቱም።

ሁለተኛው የተደበቀ ነገር የመክፈያው ገንዘብ ዓይነት ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ድርሻ የወጣው ገንዘብ በአብዛኛው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ በዶላር የተገኘ ነው፤ ከተሳፋሪና ከጭነት የሚሰበሰበው ገቢ በቂ ካለመሆኑም በላይ በከፊል በብር ነው። በብር የሚገኝ ገቢ በዶላር የተወሰደን ብድር ሊከፍል የሚችለው ሌላ ሰው ቡና፣ ወርቅ፣ ሰሊጥ ወይም አበባ ሸጦ ዶላሩን ካመጣ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ዕቅዱ ከመሠረቱ የተናጋ ነበር፤ ዕቅዱ የተማመነበት የሸቀጦች የወጪ ንግድ በ2007 ዓ.ም. ከታለመለት ግማሹን እንኳ አልደረሰም፤ ከዚያም እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ 3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ሲረግጥ ኖረ። ኢኮኖሚው በእጥፍ ሲያድግ፣ ዕዳው በብዙ እጥፍ ሲጨምር፣ ዶላር የሚያመጣው ዘርፍ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የውጭ ዕዳ ስጋት «ከፍተኛ» ወደሚለው ደረጃ ያሳደገው ዕዳው ከምርቱ አንጻር ስለበዛ ሳይሆን ከወጪ ንግዱ አንጻር ስለበዛ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከቤጂንግ ሲመለሱ የባቡሩ ብድር መክፈያ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት መራዘሙን አስታወቁ፤ ይህም መንግሥት በ2013 ዓ.ም. ይፋ የዕዳ ሽግሽግ፣ ማለትም የመክፈያ ጊዜና ውል ማስተካከያ፣ ከመጠየቁ ከሁለት ዓመት በላይ አስቀድሞ የተደረገ ሽግሽግ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ውድ የንግድ ብድር መውሰዱን አቆመ፤ ምጣኔውም መውረድ ጀመረ። አወራረዱን ግን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ከፊሉ አዲስ ብድር በመቀነሱ የመጣ ነው። የቀረው የዋጋ ንረትና የምንዛሪ ተመን ያመጡት ነው። በእነዚያ ዓመታት የዋጋ ንረቱ በፍጥነት ጨምሮ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ሆነ፤ በብር የሚለካው የአገር ውስጥ ምርትም አብሮ አበጠ፣ የብር ይፋዊ ተመን ግን የዋጋውን ያህል አልወረደም። በመሆኑም የዓለም ባንክ የኢትዮጵያን የእ.ኤ.አ. 2023 ምርት 163 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አድርጎ መዘገበ። በትይዩ ገበያው ዶላር ከይፋዊው ተመን በእጥፍ ገደማ በሚሸጥበት ጊዜ ምርቱን በይፋዊው ተመን ማስላት አካፋዩን ያሳብጣል፤ አካፋዩ ሲያብጥ የዕዳ ምጣኔው ያንሳል። አንድም ዶላር ሳይከፈል መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው።

የአገር ውስጡ ዕዳ ደግሞ በሌላ መንገድ ሟሟ፤ ይህንን የከፈለው ቆጣቢው ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ አምስት ዓመት የሚቆይና 3 በመቶ ወለድ የሚከፍል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደው ነበር፤ መመሪያው የተነሳው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርባቸው የግምጃ ቤት ሰነዶችም በዚያው ዓመት በገበያ ጨረታ መሸጥ እስኪጀምሩ ድረስ የሚከፍሉት ወለድ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጉድለቱ በዚህ ካልተሸፈነ ብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ያበድራል፤ ይህ በተራ ቋንቋ ገንዘብ ማተም ነው። ለተቀማጭ ገንዘብ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ሆኖ የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ ሲያልፍ፣ ባንክ ያስቀመጠ ጡረተኛ ወይም ነጋዴ በየዓመቱ ከገንዘቡ የመግዛት አቅም አንድ አምስተኛ ገደማውን ለመንግሥት ዕዳ ማቃለያ ይሰጣል ማለት ነው። ምክር ቤት ያላጸደቀው፣ በታክስ አዋጅ ውስጥ የሌለ፣ ነገር ግን ከብዙ ታክሶች የሚበልጥ ክፍያ ነው። በነገራችን ላይ በዚሁ ወቅት በአዋጅ የሚሰበሰበው ታክስ ከምርቱ 12 በመቶ ከነበረበት ወደ 7 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን መሆናቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም።

በጥር 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ፣ ማለትም ትልልቆቹ ኢኮኖሚዎች ለድሃ አገሮች ዕዳ ባዘጋጁት የጋራ መደራደሪያ፣ የዕዳ ሽግሽግ እንደምትጠይቅ ስታስታውቅ፣ ከቻድና ከዛምቢያ ጋር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አመልካቾች አንዷ ነበረች። ቻድ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ፣ ዛምቢያ በሁለት ዓመት ተኩል ከመንግሥታት አበዳሪዎቻቸው ጋር ተስማሙ፤ የኢትዮጵያ ግን ከአራት ዓመት በላይ ፈጀ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነት የበጀት ድጋፍ አቋረጠ፣ የመከላከያ ወጪን አናረ። በ2012 ዓ.ም. ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የተጀመረው የ2.9 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራምም መንገድ ላይ ቀረ። የጋራ ማዕቀፉ ደግሞ ያለ ድርጅቱ ፕሮግራም ሽግሽግ አይፈቅድም። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ድርጅቱ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ስለጠየቀ፣ መንግሥትም የዋጋ ንረቱን ስለፈራ ሁለት ዓመት ገደማ በድርድር አለፈ። የዩሮ ቦንዱ ወለድ ሳይከፈል የቀረው በዚህ መካከል ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በወቅቱ የሰጠው ምክንያት ሁሉንም አበዳሪዎች በእኩል ለማስተናገድ የሚል ነበር፤ መንግሥታት አበዳሪዎች ክፍያ ለማቆየት ተስማምተው ሳለ ለቦንድ ባለቤቶች ብቻ መክፈል ለቀጣዩ ድርድር እንቅፋት ስለሚሆን፣ ምክንያቱ ከሰበብነት ያለፈ ክብደት አለው። ያም ሆኖ የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ክምችት የጥቂት ሳምንታትን ገቢ ዕቃ እንኳ ለመሸፈን በሚቸገርበት ሁኔታ አቅም እያለ በመርህ ብቻ ያልተከፈለ ነው ማለትም ያስቸግራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ፤ በዚያው ዕለት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት የገንዘብ ድርጅት ፕሮግራም ጸደቀ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፣ በወራት ውስጥ ደግሞ ወደ 120 ብር ደረሰ። በዚህ ጊዜ የዕዳ ሠንጠረዡ ላይ የሆነው ነገር ቀደም ሲል የተባለውን ሁሉ ያሳያል። የውጭ ዕዳው 28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ57 ብር ሲሰላ 1.6 ትሪሊዮን ብር፣ በ120 ብር ሲሰላ ግን ከ3.3 ትሪሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ከ2 ትሪሊዮን ብር በላይ የነበረው የአገር ውስጥ ዕዳ በተቃራኒው በዶላር ሲገለጽ በግማሽ ቀነሰ። አንድ ጋዜጣ ዕዳው በእጥፍ ጨመረ ብሎ ሲጽፍ ሌላው በቢሊዮን ዶላሮች ቀነሰ ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ በብር፣ ሌላው በዶላር ስለቆጠረ ነው። ባለፉት ዓመታት በተመኑ ተሸፍኖ የነበረው ጫናም በአንድ ጊዜ ወደ ሠንጠረዡ ገባ እንጂ በዚያ ቀን አልተፈጠረም።

በፈረንሳይና በቻይና ሰብሳቢነት የሚመራው የአበዳሪዎች ኮሚቴ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በመርህ ደረጃ፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ በመግባቢያ ሰነድ 8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳን ለማሸጋሸግ ተስማማ፤ መንግሥት እንዳስታወቀው እስከ እ.ኤ.አ. 2028 ድረስ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የክፍያ እፎይታ ይሰጣል። ይህ ስረዛ አይደለም፤ ጊዜ ነው። ከውጭ ዕዳው ትልቁን ድርሻ የያዙት የዓለም ባንክና መሰል ተቋማት በሽግሽጉ አይነኩም፤ እነሱ የሚረዱት አዲስ ገንዘብ በመስጠት ሲሆን፣ የዓለም ባንክ ተመኑ በተለቀቀ ማግሥት ከሰጠው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 1 ቢሊዮኑ የማይመለስ ዕርዳታ ነበር። የቦንድ ባለቤቶች ግን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ያቀረበላቸውን ከዋናው ገንዘብ 18 በመቶ የመቀነስ ሐሳብ አልተቀበሉም። ክርክራቸው ኢትዮጵያ ያጋጠማት የጊዜያዊ ጥሬ ገንዘብ እጥረት እንጂ የመክፈል አቅም ማጣት አይደለም፣ የገንዘብ ድርጅቱ የወጪ ንግድ ትንበያም ከእውነታው ያነሰ ነው የሚል ነበር። የ2017 በጀት ዓመት የወጪ ንግድ 8.3 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ሲመዘገብ ይህ ክርክር ጉልበት አገኘ። እድገቱ በአብዛኛው የመጣው ከወርቅና ከቡና መሆኑን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረ ወርቅ ተመኑ ሲስተካከል ወደ ብሔራዊ ባንክ ዞረ፣ የሁለቱም ሸቀጦች የዓለም ዋጋ ደግሞ ወደ ሰማይ ወጣ። የመጀመሪያው ምክንያት ሊዘልቅ ይችላል፤ ሁለተኛው በኢትዮጵያ እጅ አይደለም።

በአገር ውስጥ ደግሞ ከላይ የተነሳው የልማት ድርጅቶች ዕዳ ወደ ትክክለኛው መዝገብ እየተመለሰ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን በመቶ ቢሊዮኖች ብር የሚቆጠር የድርጅቶች ብድር ተረከበ፤ ገቢው ግን ወለዱን እንኳ የሚሸፍን ስላልነበረ፣ መንግሥት ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ቦንድ በመስጠት ዕዳውን በራሱ ላይ አዞረ። የማዕከላዊው መንግሥት ዕዳ በዚህ ምክንያት በአንድ ዓመት ውስጥ ሲዘል አዲስ ገንዘብ አልተበደረም፤ ከ10 ዓመት በፊት በሌላ ስም የተወሰደው ብድር ስሙ ተስተካከለ። ሠንጠረዡ አስደንጋጭ ሆኖ የሚታየው ይበልጥ እውነተኛ በሆነበት ጊዜ መሆኑ የዚህ አገር የዕዳ ታሪክ ምፀት ነው።

ለውጡ የራሱ ሂሳብ አለው። ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት በቀጥታ ማበደሩን ስላቆመ፣ የግምጃ ቤት ሰነዶችም በሁለት አሃዝ ወለድ ስለሚሸጡ፣ ቀድሞ ቆጣቢው በዋጋ ንረት ይከፍለው የነበረው ወጪ አሁን በበጀቱ ላይ «ወለድ» ተብሎ በግልጽ ይጻፋል። ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን ከምርቱ 10 በመቶ እንኳ ታክስ ለመሰብሰብ ለሚታገል መንግሥት ውድ ነው። የዕዳውን አቅጣጫ በቀጣዮቹ ዓመታት የሚያሳየውም ዕዳው ከምርቱ ያለው ምጣኔ ሳይሆን የአገር ውስጥ ወለድ ከታክስ ገቢው፣ የውጭ ክፍያውም ከወጪ ንግዱ የሚወስደው ድርሻ ይሆናል። የገንዘብ ድርጅቱ ፕሮግራም የሚያበቃው በ2020 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ የመንግሥታት አበዳሪዎች እፎይታም እዚያው ዓመት ላይ ያበቃል፣ ክፍያው ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።